ሦስተኛው ቅጂ

(በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ በአንድ ብሎክ ኮሚዩናል ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሰፈሩ ወጣት ፕሮግራመሮች ያደረግኩት ንግግር። ስጽፈው ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ጊት ብዙ ሰው አብሮ የሚጽፈውን ኮድ ከነለውጥ ታሪኩ የሚይዝ ፕሮግራም ነው፤ ትእዛዞቹን በአፍ እንደምንጠራቸው ነው ያስቀመጥኳቸው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። የሳምንቱን አንድ ነፃ ከሰዓታችሁን ለዚህ ስለሰጣችሁ አመሰግናለሁ። ይህን ቤት የፈቀዱልን የእድራችን ጸሐፊም ከኋላ ተቀምጠዋል። ጋሼ፣ ቆይቼ መዝገብዎን ለምሳሌ እዋሳለሁና ከወዲሁ ይፍቀዱልኝ።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። የእናንተንና የሌላውን ሰው ኮድ ልታዋህዱ መርጅ ስታደርጉ ግጭት ተፈጠረ፤ ግጭቱን የምትፈቱበትን ፕሮግራም እንዲከፍትላችሁ «ጊት መርጅቱል» ብላችሁ አዘዛችሁ፤ አንድ መስኮት ብልጭ አለ ወይም ጭራሽ አልተከፈተም። ከዚያ ተርሚናሉ «ፋይሉ ያልተለወጠ ይመስላል፤ መርጁ ተሳክቷል ወይ?» ብሎ ጠየቃችሁ። ከእናንተ ውስጥ «አዎ» ብሎ የመለሰ እጁን ያውጣ። ብዙ ነን። የዛሬው ንግግሬ የተነሣው ከዚያች «አዎ» ነው።

እኔ አሥራ አንድ ጊዜ «አዎ» ያልኩበት ቀን አለ። ያኔ ለአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ነበር የምሠራው፤ ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ከየካ አባዶ፣ ከቤቴ እሠራለሁ። በዚያ ሳምንት መብራት እየመጣ እየሄደ፣ የሞባይል ዳታዬም አልቆ፣ አራት ቀን ሙሉ ከዋናው ብራንች (ሁላችንም ሥራችንን ከምናዋህድበት የኮድ ቅርንጫፍ) ምንም ሳልስብ፣ ማለትም ፑል ሳላደርግ፣ ብቻዬን ስጽፍ ቆየሁ። በአምስተኛው ቀን ፑል ሳደርግ አሥራ አንድ ፋይል ተጋጨ። መርጅቱል አልኩ፤ መስኮቱ ተከፍቶ ሳያበቃ ተርሚናሉ «ተሳክቷል ወይ?» አለኝ፤ ቸኩዬ ነበርና አዎ፣ አዎ እያልኩ አለፍኩ። ኮሚት አድርጌ (ለውጡን በጊት ታሪክ መዝግቤ) ፕሮግራሙን ላስነሳው ስል አልነሳ አለ። ለካ ጊት የእኔን ኮድ ከላይ፣ የሌላውን ከታች አድርጎ የሚለይባቸው የግጭቱ ምልክቶች በየፋይሉ ውስጥ እንዳሉ ተቀምጠዋል።

ትልቁ ስህተቴ ግን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ምልክቶቹን በእጄ ማጥፋት ጀመርኩ። ከላይ ያለው የጻፍኩት ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ ከታች ያለውን አይቼው አላውቅም። የማላውቀው ነገር አሮጌ ኮድ መሰለኝና አጠፋሁት። ፕሮግራሙ ተነሣ፤ ፑሽ አድርጌ፣ ወደ ጋራው ኮድ ልኬ፣ ተኛሁ።

በማግስቱ ባልደረባዬ ደወለች። «ወንድሜ፣ የቅናሽ ስሌቱን ለምን አጠፋኸው?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋ ላይ የሚሰማው ድካም ነበር። የሦስት ቀን ሥራዋ ነው። ጊት ታሪኩን ስለሚያስቀምጥ ኮዱን መልሰን አወጣነው፤ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ከዚያ በኋላ ግን እኔ መርጅ ባደረግኩ ቁጥር ተከትላ ትፈትሽ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኼኛው ነው። የጠፋ ኮድ ይመለሳል።

«አሮጌ ኮድ መሰለኝ» ያልኩትን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ጋሼ፣ አሁን መዝገብዎን ልዋስ። የእድሩን የአባላት መዝገብ ሁለት ሰዎች ፎቶ ኮፒ አድርገው ወሰዱ እንበል። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ብሎክ እየዞሩ ሲሰርዙና ሲጨምሩ ወር ቆዩ። አሁን ሁለቱም ቅጂዎች እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። በአንደኛው የአንዲት እናት ስም አለ፤ በሌላኛው የለም። ምን ያደርጋሉ?

(ጋሼ ሳያመነቱ መለሱ፦ «ዋናውን መዝገብ እከፍታለሁ።»)

ጨረሱልኝ። የእኚህ እናት ስም በዋናው መዝገብ ውስጥ ከነበረ፣ አንደኛው ሰው ሰርዟቸዋል ማለት ነው፤ ምናልባት ሰፈር ለቀዋል፣ ምናልባት አርፈዋል። በዋናው ካልነበረ፣ ሌላኛው ሰው አዲስ አባል አድርጎ መዝግቧቸዋል። ሁለቱን ቅጂዎች ብቻ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እስከ ነገ ብታዩ ያረፈችውን እናት ከአዲሷ አባል መለየት አትችሉም። በሁለቱም ሁኔታ የምታዩት አንድ ነው፦ እዚህ አለ፣ እዚያ የለም።

እኔ ያጠፋሁት የቅናሽ ስሌት ያን ጊዜ ከፊቴ የነበረው እንደዚሁ ነው። በእሷ በኩል አለ፣ በእኔ በኩል የለም። እሷ ጨምራው ነው ወይስ እኔ ሰርዤው? ዋናውን መዝገብ ሳልከፍት ፈረድኩ። አዲሷን አባል ከሟቾች ጋር ሰረዝኳት።

ጊት ዋናውን መዝገብ ያውቀዋል። ሁለቱ ብራንቾች የተለያዩበትን የጋራ ኮሚት ፈልጎ ያገኝና «ቤዝ» ይለዋል፤ መርጁም ሦስት ቅጂ ይዞ ነው የሚሠራው። አንዱ ወገን ብቻ የለወጠውን መስመር ማንንም ሳይጠይቅ ይወስዳል። ሁለቱም ወገኖች ያንኑ ቦታ በተለያየ መንገድ ሲለውጡት ብቻ እጁን ያነሣል። ግጭት ማለት ይህ ነው፤ የጊት ብልሽት አይደለም። በዚያች ሰዓት ሦስቱም ቅጂዎች ኢንዴክሱ (ጊት ቀጣዩን ኮሚት የሚያዘጋጅበት ዝርዝር) ውስጥ በቁጥር ተቀምጠው ይጠብቋችኋል፦ 1 ቤዝ፣ 2 የቆማችሁበት፣ 3 የሚመጣው። «ጊት ኤልኤስ ፋይልስ» ብላችሁ ሰረዝ ዩ ብትጨምሩ ሦስቱን ትቆጥራላችሁ። «ጊት ሾው» ብላችሁ ከፋይሉ ስም ፊት :1: ብትጽፉ ደግሞ ዋናው መዝገብ ይከፈትላችኋል። ምንም የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ይቺን :1: ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል።

ታዲያ ጊት ቤዙን ካወቀ ፋይሉ ውስጥ ለምን አያሳየንም? ስታስነሡት በተሰጠው አሠራር አያሳይም። የታናሽ ምልክት ሰባት ጊዜ፣ የእናንተ ኮድ፣ የእኩል ምልክት ሰባት ጊዜ፣ የሌላው ኮድ፣ የታላቅ ምልክት ሰባት ጊዜ፤ በቃ። ሁለት ቅጂ ብቻ። «መርጅ ኮንፍሊክትስታይል» የሚባለውን ቅንብር «ዲፍ3» ብታደርጉት ግን በመካከል በሰባት ቀጥ ያሉ መስመሮች የሚጀምር ሦስተኛ ክፍል ይጨምራል፤ እሱ ቤዙ ነው። ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ፣ ከጊት 2.35 ጀምሮ «ዝዲፍ3» የሚባልም አለ፤ በሁለቱ ወገን አንድ ዓይነት የሆኑትን የዳር መስመሮች ከግጭቱ ያወጣቸዋልና ዓይን አያደክምም። እኔ እሱን ነው የምጠቀመው። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ቅንብር ነው፤ ያን ቀን ላፕቶፔ ላይ ቢኖር ኖሮ በመካከለኛው ክፍል ባዶ አይቼ ስሌቱ አዲስ የተጨመረ መሆኑን እረዳ ነበር።

ግጭት ውስጥ ገብታችሁ ቅንብሩን ያላደረጋችሁት ትዝ ካላችሁም አልረፈደም። «ጊት ቼክአውት» ብላችሁ ኮንፍሊክት እኩል ይሆናል ዲፍ3 የሚለውን አማራጭና የፋይሉን ስም ብትሰጡ፣ ያንን ፋይል ከነግጭቱ እንደ አዲስ ከነቤዙ ይጽፍላችኋል። ፋይሉ ላይ የጀመራችሁት ማስተካከያ ካለ ግን ይጠፋል፤ ከመጀመራችሁ በፊት አድርጉት።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ ልሂድ። «ተሳክቷል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከየት ይመጣል? መርጅቱል የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። ሦስቱን ቅጂዎች ቤዝ፣ ሎካል፣ ሪሞት የሚል ስም ሰጥቶ ጊዜያዊ ፋይል አድርጎ ይጽፋል፤ የመረጣችሁትን ፕሮግራም፣ ሜልድም ይሁን ኬዲፍ3 ወይም ቪምዲፍ፣ ይጠራል፤ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ይጠብቃል። ሲዘጋ በመውጫ ቁጥሩ (ፕሮግራሙ «ተሳካ» ወይም «አልተሳካም» ብሎ በሚመልሰው ቁጥር) እንዲያምን ካልነገራችሁት ፋይሉ ተለውጦ እንደሆነ ያያል። ካልተለወጠ ይጠይቃችኋል። «አዎ» ካላችሁ ፋይሉን ምልክቶቹ እንዳሉበት «ተፈትቷል» ብሎ ያስመዘግበዋል። ውስጡን አያነብም። እናንተን አምኖ ነው።

እንግዲህ መስኮቱ ገና ተከፍቶ ሳለ ጥያቄው ከመጣ ችግሩ የጥበቃ ነው። አንዳንድ ኤዲተሮች (የኮድ መጻፊያ ፕሮግራሞች) ከተርሚናል ሲጠሩ መስኮቱን ከፍተው ወዲያው «ጨርሻለሁ» ብለው ይመለሳሉ፤ መስኮቱ ለብቻው ይቀጥላል። ቪኤስ ኮድ እንዲህ ነው። ጊት ሥራው ያለቀ ስለሚመስለው ጥያቄውን ያመጣል፤ መልሳችሁን ካገኘ በኋላም ጊዜያዊ ፋይሎቹን ያጠፋቸዋል። እናንተ ገና ማንበብ ስትጀምሩ ቤዙ ከሥራችሁ ተነሥቷል። መድኃኒቱ አንዲት ቃል ናት፦ በቅንብሩ ውስጥ ኤዲተሩ የሚጠራበት መስመር ላይ «ዌይት» የሚለውን አማራጭ መጨመር። የእኔ አሥራ አንድ «አዎ» ሁሉ የዚህች ቃል አለመኖር ነበር።

ሳታስቡት «አዎ» ካላችሁስ? ኮሚት እስካላደረጋችሁ ድረስ «ጊት ቼክአውት» ሰረዝ ኤም እና የፋይሉ ስም ግጭቱን መልሶ ያስቀምጥላችኋል። ጊት ፈታሁ ያላችሁትንም ቢሆን የግጭቱን ሦስት ቅጂዎች አስታውሶ ያቆያል። ይህን የሚያውቅ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም፤ ሰዎች ሁሉንም ነገር ጥለው ኮዱን በሙሉ እንደ አዲስ ሲያወርዱ (ክሎን ሲያደርጉ) አይቻለሁ፤ ዳታ በጥቅል እየገዛን በምንኖርበት ሰፈር ይህ ያሳዝነኛል። ኮሚት ከማድረጋችሁ በፊት ደግሞ «ጊት ዲፍ ካሽድ ቼክ» ብትሉ የተረሱ የግጭት ምልክቶች ካሉ ከነመስመር ቁጥራቸው ይነግራችኋል። በኮሚት ሁክ (ኮሚት ስታደርጉ ራሱ በሚነሣው ስክሪፕት) ውስጥ ብታስገቡት ራሱ ያስታውሳል።

መስኮቱ ጭራሽ የማይከፈትበት ምክንያት ሌላ ነው፣ ሌሎች ናቸው ልበል። «ጊት መርጅቱል ቱልሄልፕ» ብላችሁ ጀምሩ፤ ማሽናችሁ ላይ ያሉትንና የሌሉትን ፕሮግራሞች ለይቶ ይዘረዝራል። ፕሮግራሙ እያለ «የለም» ካለ መንገዱን (ፕሮግራሙ ማሽኑ ላይ ያለበትን አድራሻ) በቅንብር ንገሩት። ዊንዶውስ ላይ መንገዱ ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ በትእምርተ ጥቅስ ዝጉት፤ የፋይል ስሞቹንም እንዲሁ። አንዱ ወገን ፋይሉን ሰርዞ ሌላው አስተካክሎት ከሆነ ደግሞ መስኮት አይጠበቅም፤ የሚነጻጸር ነገር የለማ። ጊት በተርሚናል «የተስተካከለውን ላስቀር ወይስ የተሰረዘውን?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ይህን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ አራግፎ የጫነ ልጅ አውቃለሁ።

አሁን ለእኛ ብቻ ወደሚሆነው ክፍል ደረስኩ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ። አብዛኞቻችሁ የምትሠሩት ሶፍትዌር አማርኛ ያሳያል። የትርጉም ፋይል አላችሁ፤ አንዱ መስመር ቁልፍ፣ ከጎኑ የአማርኛው ቃል። በእኔ ልምድ ከሁሉም የሚበዛው ግጭት የሚነሣው እዚያ ነው፤ ደግሞም ዓይን የማያየው ግጭት ነው።

አንደኛዋ ተርጓሚ «ሰላም» ብላ ጽፋለች፤ ሌላኛው «ሠላም» ብሎ አስተካክሏል። ለጆሯችን አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ሰ እና ሠ እንደ በ እና ከ የተለያዩ ናቸው። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 (ለዓለም ፊደሎች ቁጥር በሚሰጠው መለያ) ሲገባ እያንዳንዱ ሞክሼ ፊደል የራሱን ቁጥር ይዞ ነው የገባው፤ በግዕዝ ልዩነት አላቸውና ልክም ነው። ግን ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እያቀያየረ ፋይሉን ሁሉ «ያረመ» ሰው ሲመጣ፣ ሁለት መቶ መስመር በአንድ ቀን ይለወጣል። ሌላው በዚያው ሳምንት የነካው መስመር ሁሉ ይጋጫል። አራት ነጥቡም እንዲሁ፤ አንዱ «።» ይጽፋል፣ ሌላው ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ መትቶ «::» ያደርገዋል። መርጅቱሉ ሁለቱን መስመሮች ቀለም ቀብቶ ያሳያችኋል፤ እናንተ አንብባችሁ «ልዩነቱ የታል? ይሄ ነገር ተበላሽቷል» ትላላችሁ። አልተበላሸም። «ጊት ዲፍ ወርድዲፍ» ብትሉ የተለወጠውን ቃል ለይቶ ያወጣላችኋል፤ ከዚያ ፊደል በፊደል እዩት። ከሁሉም በላይ ግን ቡድናችሁ የአጻጻፍ ስምምነት ይኑረው። ዓለም በዐይኑ ዓ ይሁን በአሌፉ አ፣ ተነጋግራችሁ አንዱን ጻፉና ሪፖው (የጋራው የኮድ ማከማቻ) ውስጥ አስቀምጡት። የፊደል እርማት ስታደርጉም ለብቻው ኮሚት አድርጋችሁ በዚያው ቀን ፑሽ አድርጉት፤ ከሌላ ሥራ ጋር አትቀላቅሉት።

ሁለተኛው ነገር «ይህ ባይነሪ ፋይል ነው፤ መርጅ ማድረግ አልችልም» የሚለው መልእክት ነው። የአማርኛ ጽሑፍ እንዴት ባይነሪ፣ ጽሑፍ ያልሆነ ፋይል፣ ይሆናል? ፋይሉ በዩቲኤፍ-16፣ ፊደሉን በሁለት ባይት በሚጽፈው ኢንኮዲንግ (የፊደል አቀማመጥ)፣ ተቀምጦ ይሆናል። የድሮው የዊንዶውስ ኖትፓድ «ዩኒኮድ» ይለው የነበረው እሱን ነው፤ በመነሻው «አንሲ» ምርጫ ስናስቀምጥ አማርኛችን የጥያቄ ምልክት ስለሚሆን ብዙዎቻችን ያን መርጠን ነበር። ከ2019 ወዲህ ነው ኖትፓድ ራሱ ዩቲኤፍ-8ን መነሻ ያደረገው። ጊት ደግሞ በፋይሉ መጀመሪያ አካባቢ ዜሮ ባይት ካገኘ ጽሑፍ አይደለም ብሎ ይወስናል። በዩቲኤፍ-16 እያንዳንዱ ክፍት ቦታ ዜሮ ባይት አለበት። የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፦ የፊደላችን የመጀመሪያዋ ሀ ራሷ ቁጥሯ በአሥራ ስድስትዮሽ 1200 ስለሆነ በዩቲኤፍ-16 ከሁለቱ ባይቶቿ አንዷ ዜሮ ናት። በሀ ብቻ የተሞላ ፋይል እንኳ ለጊት ባይነሪ ነው። መፍትሔው ፋይሉን ወደ ዩቲኤፍ-8 መለወጥ ነው፤ በአንዱ ብራንች ብቻ ሳይሆን ከመርጁ በፊት በሁለቱም። የግድ ዩቲኤፍ-16 የሚፈልግ ፕሮግራም ካላችሁ ከ2018ቱ ጊት 2.18 ጀምሮ ጊት የየፋይሉን አያያዝ በሚያነብበት በ«ጊትአትሪቢዩትስ» ፋይል ውስጥ ይህን መንገር ይቻላል።

ሦስተኛው ቀላል ነው። የፋይል ስም በአማርኛ ስትሰጡ ጊት «ሰ»ን \341\210\260 አድርጎ ያሳያችኋል። የሰ ሦስቱ ባይቶች በስምንትዮሽ ናቸው፤ ስሙ አልተበላሸም። «ኮር ኮትፓዝ» የሚለውን ቅንብር ብታጠፉት ፊደሉ ይመለሳል። መርጅቱሉ ውስጥ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየም የፎንት ጉዳይ ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ምረጡለት። ሳጥን ሳይሆን የማይነበብ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ካያችሁ ግን እጃችሁን አንሡ፤ ሴቭ እንዳታደርጉ። መሣሪያው ፋይሉን በተሳሳተ ኢንኮዲንግ ከፍቶታል፤ ያንን ካስቀመጣችሁት አማርኛው በእውነት ይጠፋል። ዘግታችሁ ውጡ፤ «ተሳክቷል ወይ?» ሲላችሁም አይደለም በሉ። ከዚያ በቅንብሩ ዩቲኤፍ-8 አድርጉና እንደገና ክፈቱት።

ስለ መስመር ማብቂያ፣ ማለትም ዊንዶውስና ሊነክስ የመስመርን መጨረሻ በተለያየ የማይታይ ምልክት ስለማስቀመጣቸው፣ ብዙ አልልም። አንዱ ዊንዶውስ፣ ሌላው ሊነክስ ሲጠቀም የፋይሉ ሁሉም መስመር የተለወጠ ከመሰለ ምክንያቱ እሱ ነው። በጊትአትሪቢዩትስ «ቴክስት እኩል ይሆናል አውቶ» በሉ፤ ለተፈጠረው ግጭት ደግሞ መርጁን «ሪኖርማላይዝ» በሚለው አማራጭ ድገሙት።

ጊት ሁለቱን ወገኖች «የእኛ» እና «የእነሱ» ማለቱ ግን ሰው ይጎዳል። መርጅ ስታደርጉ «የእኛ» ማለት የቆማችሁበት ብራንች፣ «የእነሱ» የሚመጣው ነው። ሪቤዝ ስታደርጉ ግን ይገለበጣል። ጊት በመጀመሪያ እናንተን ወስዶ በዋናው ብራንች ላይ ያቆማችኋል፤ ከዚያ የራሳችሁን ኮሚቶች አንድ በአንድ እንደ እንግዳ ያስገባቸዋል። ስለዚህ «የእኛ» የተባለው የሌሎች ሥራ ነው፤ «የእነሱ» የተባለው የእናንተ። መሣሪያው ላይ ሎካል የሚለው ሰሌዳ ውስጥ የማታውቁት ኮድ ካያችሁ ግራ አትጋቡ፤ ሪቤዝ ላይ ናችሁ። አንዱን ወገን በጅምላ የሚመርጠውን ቁልፍ ከመጫናችሁ በፊት «ጊት ስታተስ» በሉ፤ ሪቤዝ ላይ መሆናችሁን ይነግራችኋል።

አሁን ስለ ርቀታችን አንድ ነገር ልበል። ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን በ2005 ሲጀምረው የሊነክስ ከርነል ሠሪዎች በየአገሩ ተበትነው ነበር የሚሠሩት፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ሙሉ ታሪኩን በራሱ ማሽን ይይዛል፤ ያለ ኔትወርክ ኮሚት ያደርጋል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ቦሌና ካዛንቺስ ያለው ባልደረባችሁ ቢሮ ውስጥ በማይቋረጥ መስመር ይሠራል፤ እኛ እዚህ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በጣፎ ያለነው መብራት ሄዶም ባትሪው እስካለ ኮሚት እናደርጋለን። ጊት አይከለክለንም። ግን ያለ ኔትወርክ መሥራት መቻላችን ሳይስቡ መክረምን ልማድ ያደርግብናል፤ በእያንዳንዷ ቀን ቤዙ እየራቀ፣ ሁለቱ የመዝገብ ቅጂዎች እየተለያዩ ይሄዳሉ። እኔ ከዚያ ስልክ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው፦ ጠዋት መስመር ባለበት ሰዓት «ጊት ፌች» እላለሁ። የሚያመጣው አዳዲሱን ኮሚት ብቻ ስለሆነ የጽሑፍ ኮድ ሲሆን ዳታ ብዙ አይበላም፤ ሥራዬንም አይነካም። ከዚያ መብራት ቢሄድም የሌሎቹ ሥራ እጄ ላይ ስላለ መርጁን ያለ ኔትወርክ መሞከር እችላለሁ። ካስቸገረኝ «ጊት መርጅ አቦርት» ብዬ ወደነበርኩበት እመለሳለሁ። መርጅ ከመጀመሬ በፊት ግን ያልተቀመጠ ሥራ አልተውም፤ አቦርት ያልተቀመጠውን በትክክል ላይመልሰው ይችላል።

ጥያቄዎች ነበሩ፤ ሁለቱን ልጻፍ።

አንዲት ልጅ በየፋይሉ ጎን «ኦሪግ» የሚል ቅጥያ ያላቸው ፋይሎች እንደሚቀመጡና አንዱ ሳታውቀው ሪፖ ውስጥ እንደገባ ጠየቀች። እህቴ፣ እነሱ መርጅቱል ለጥንቃቄ ያስቀመጣቸው ከነምልክታቸው የነበሩት ፋይሎች ናቸው። ልምድ እስክታገኚ አትከልክያቸው፤ ጊት ችላ የሚላቸው ፋይሎች በሚዘረዘሩበት በጊትኢግኖር ውስጥ ብቻ ስማቸውን ጻፊ። በኋላ «መርጅቱል ኪፕባክአፕ» የሚለውን ታጠፊዋለሽ።

አንድ ወንድማችን ያንኑ ግጭት በየቀኑ እንደሚፈታ ተናገረ፤ ረጅም ብራንች ይዞ ሪቤዝ ስለሚያደርግ ነው። ለዚህ ጊት «ሪሪሪ» የሚባል ነገር አለው፤ ስታበራው አንዴ የፈታኸውን መዝግቦ ያው ግጭት ሲመጣ ራሱ ይፈታዋል። እኔ እወደዋለሁ፤ ግን አንዴ ተሳስተህ ከፈታህ ስህተቱንም እንዲሁ በታማኝነት ይደግመዋል። እንዲያ ሲሆን «ጊት ሪሪሪ ፎርጌት» ብለህ የዚያን ፋይል መፍትሔ አስረሳው። ሌላው ደግሞ ግጭቱ የተፈታ መሆኑ ፕሮግራሙ ይሠራል ማለት አይደለም። አንዱ የፈንክሽኑን ስም ለውጦ ሌላው በአሮጌው ስም አዲስ ፋይል ውስጥ ከጠራው ጊት ግጭት አያይም፤ ኮዱ ግን ይወድቃል። ከመርጅ በኋላ ቴስት አስኪድ።

ከዚህ በላይ በአፍ ባወራ ጥቅም የለውም። ላፕቶፕ ያላችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። የእድሩን የስም ዝርዝር አምሳያ፣ ስሞቹን ለውጬ፣ በአንድ ፋይል አዘጋጅቻለሁ፤ ፍላሽ ላይ ስላለ ዳታ አያስፈልግም። አንዳችሁ አንድ ሰው ሰርዙ፣ ሌላችሁ ከዚያው ስም አጠገብ አዲስ አባል ጨምሩ፤ ከዚያ መርጅ አድርጉና :1: ከፍታችሁ ማን እንደተሰረዘ፣ ማን እንደተጨመረ ለጋሼ ንገሯቸው። ጋሼ፣ እርስዎ ዋናውን ወረቀት ይዘው መካከል ላይ ይቀመጡልን።